እጀታው የማን ነው?

በአማርኛችን ውስጥ እንደ ‹‹ጥላ›› የሚያስቸግረኝ ቃል ጥቂት ነው። የዋርካ ጥላ አለ፤ ከፀሐይ ያስጠልላል። የሰው ጥላ አለ፤ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ዝናብ ሲመጣ የምንዘረጋው ዣንጥላ አለ። ‹‹ጥላው ይከብዳል›› የምንለው ሰውም አለ፤ ገና ከበር ሲገባ ጨዋታ የሚቋረጥለት። እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ ‹‹በአንድ ጥላ ሥር እንሰባሰብ›› ሲል የትኛውን ጥላ ማለቱ እንደሆነ ሁልጊዜ እጠራጠራለሁ። ይህን ጥርጣሬ የተከለብኝ በተማሪነቴ ዘመን የተደረገ አንድ ስብሰባ ነው። ስብሰባውን ደግሞ የእናቴን ማኅበር ሳላነሣ ልተርክላችሁ አልችልም።

እናቴ የማርያም ማኅበርተኛ ናት። ቤታችን ድሮ ወጀት ትባል በነበረችው በፍኖተ ሰላም ነው። በየወሩ በ21 ቀን ከማኅበርተኞቹ በአንዷ ቤት ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይደፋል፣ ቄሱ ይባርካሉ። አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ተራው በዓመት አንድ ጊዜ እያንዳንዷ ቤት ይደርሳል። ማምሻውን ሙሴዋ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ ብድግ አድርጋ ለባለ ተረኛዋ ታስረክባለች፤ ተረካቢዋ በሁለት እጇ ተቀብላ፣ እልልታው እየተከተላት፣ ጽዋውን እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ልጅ ሳለሁ እናቴ ጽዋውን ይዛ በጨለማ ስትመጣ ፋኖስ የምይዝላት እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ቤታችን ውስጥ ድምፅ ከፍ አድርጎ መናገር አይቻልም ነበር፤ እንግዳ አለ ትላለች እናቴ።

አባቴ አንድ ክረምት ታሞ ሲተኛ እነዚያ አሥራ አንድ ሴቶች ያደረጉልንን እዚህ ልዘርዝረው ብል ጽሑፉ ያልቅብኛል። ውኃችን ይቀዳ ነበር። በቆሏችን ተኮትኩቷል። ማን እንደላካቸው፣ ማን እንዳስተባበራቸው አይታወቅም። የጽሑፍ ደንብ የላቸውም፣ ማኅተም የላቸውም።

አንድ ቀን፣ ምናልባት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ‹‹እማዬ፣ የእናንተና የነእትዬ የሚካኤል ማኅበር ለምን አንድ አይሆኑም?›› ብዬ ጠየቅኋት። እንክርዳድ እየለቀመች ነበር። ቀና ሳትል ‹‹ማርያምና ሚካኤል ተጣልተው መሰለሽ?›› አለችኝ። ‹‹ቤታችን ነው የማይበቃን።››

ይህን አባባሏን ያለ ቦታው የተጠቀምኩበት እኔ ነኝ።

በ2000 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ይቆየኝ። ስምንት ልጆች በአራት ተደራራቢ አልጋ ላይ በአንድ ክፍል ተመደብን። የሰው ስም እስክንለምድ ድረስ የምንጠራራው በመጣንበት አገር ነበርና አንዷ ደምበጫ፣ አንዷ ጅጋ፣ አንዷ ደሴ፣ አንዷ ሆሳዕና ሆነች፤ እኔ ‹‹ፍኖተ›› ተባልኩ። ኅዳር ላይ፣ የአገር ናፍቆት ሁላችንንም በየብርድ ልብሳችን ውስጥ በሚያስለቅሰን ሰሞን፣ ማኅበር እናቁም አልን። ደሴ ሙስሊም ነበረች፤ ሆሳዕና ፕሮቴስታንት። ስለዚህ በቅዱስ ስም አላደረግነውም፤ የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ የእኅትማማችነት ቀናችን ሆነ። ከግቢው በር ላይ ዳቦ እንገዛለን፤ ቆሎው ከየቤታችን በሰው እጅ ይመጣል። ጽዋችን አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ጆግ ነበረች። ተረኛዋ በአልጋዋ ራስጌ አስቀምጣት ትከርማለች።

በየወሩ አሥር ብር እናዋጣ ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ ግን ያቆመን ሁለት ሕግ ነው። አንደኛው፣ የታመመች ልጅ ምግቧ ከካፌ ይመጣላታል። ሁለተኛው፣ ማንም ከቤተ መጻሕፍት ማታ ብቻዋን አትመለስም። በዚያ ዘመን በግቢ ውስጥ የኖረች ሴት ሁለተኛው ሕግ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። መብራት የሌለበት ሁለት መቶ ሜትር መንገድ ከስንት ሴት እጅ ስንት የንባብ ሰዓት እንደነጠቀ የቆጠረ የለም። እኛ ስምንታችን እስከ እኩለ ሌሊት አነበብን፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተመለስን። ዲግሪዬን ያገኘሁት በዚያ ሕግ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ቀስ በቀስ ስናውቅ በሕንጻችን ውስጥ እንደ እኛ ያሉ ማኅበራት አራት ሆነው ተገኙ። አንዱ ከእኛ የተሻለ ሳጥን ነበረው፤ አንዱ በልደት ኬክ የታወቀ ነበር። እንቀናናም ነበር፤ ለምን ይደበቃል! በግቢው የሃይማኖት ጉባኤያት ሁሉ የየራሳቸው ሰብሳቢ ነበራቸው። የኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ በ1984 ዓ.ም. በተመሠረተው በማኅበረ ቅዱሳን ሥር ነው፤ ጀመዓውም ኅብረቱም ከግቢ ውጪ የሚያውቃቸው፣ የሚጠይቃቸው ታላቅ ነበራቸው። ሴትን በሴትነቷ የሚያሰባስበው ግን አንድ ክበብና አንዲት ጠባብ ቢሮ ብቻ ነበር። የየዶርሙ ማኅበር አንዱ ስለ ሌላው የሚያውቀው በሐሜት ነው።

በ2001 ዓ.ም. ታኅሣሥ አንዲት መምህርት ሰበሰቡን። አራቱ ማኅበራት እንደሚኖሩ ይኑሩ፤ ከየማኅበሩ ሁለት ሁለት ልጆች ይወከሉና አንድ የጋራ ጉባኤ ይቁም፤ እያንዳንዱ ማኅበር ከሚያዋጣው ጥቂት እየተነሣ ማኅበር ለሌላት ልጅ መርጃ ይሁን፤ የማታው አጀብም ለሕንጻው ሴት ሁሉ ይዳረስ አሉን። ሐሳባቸው ይኸው ነበር። አሁን ሳስበው ነውር የሌለበት ሐሳብ ነው። ያን ዕለት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ስሙ ማን ይሁን?›› ሆነ፤ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሁለተኛው ‹‹ሰብሳቢዋ ከየትኛው ማኅበር ትሁን?›› የሚል ነበር። ሦስተኛው የማኅተም ጉዳይ ነው። ገና አንድ ሳንቲም ሳይዋጣ፣ ማኅተሙ የማን ቁም ሣጥን ውስጥ እንደሚቀመጥ እንጨቃጨቅ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

በዚህ መካከል እጄን አነሣሁ። የእናቴን ታሪክ ነገርኳቸው፤ የማርያምንና የሚካኤልን። ‹‹አልተጣላንም፤ ቤታችን ነው የማይበቃን›› ብዬ ስጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ነገሩን የሚገላግል፣ ያማረ አነጋገር ነበርና ሁሉም በደስታ ተቀበለው። መምህርቷ ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። ‹‹እሺ፣ እንግዲህ›› ብቻ ነው ያሉት። እኔ ያን ማታ በኩራት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከእኛ ሦስት በር አልፎ ባለው ክፍል ‹‹ቡሬ›› የምንላት ልጅ ነበረች። ከቡሬ ከተማ አልነበረችም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው የመጣችው። ቡሬ ከፍኖተ ሰላም በመኪና ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይርቅምና የአገሬ ልጅ ናት ማለት ይቻላል። ክፍሏ ማኅበር አልነበረውም፤ የተቀሩት ከአንድ ከተማ የመጡና ቀድመው የሚተዋወቁ ልጆች ስለነበሩ ነው መሰለኝ። ጥር ላይ አባቷ ሞቱ። ለቅሶ ደርሳ ተመለሰች። የካቲት አካባቢ ፎቶ ኮፒ የምታስነሣበት አጥታ ከሰው ማስታወሻ በእጇ ስትገለብጥ አይቻት ነበር፤ ማታ ማታ ቤተ መጻሕፍት መቅረቷን ግን ልብ አላልኩም። መጋቢት ላይ በክፍሏ በር ሳልፍ ፍራሿ ተጠቅልሎ በአልጋው ብረት ላይ ቆሞ አየሁት። ‹‹ቡሬስ?›› አልኩ። ‹‹ዊዝድሮው ሞልታ ሄደች፤ ሳምንት ሆናት›› አለችኝ አንዷ፣ ጥፍሯን እየቀባች።

አራት ማኅበራት በአንድ ሕንጻ። እያንዳንዳችን ሌላው ይደርስላታል ብለን ነበር እንዳልል፣ እንዲያውም አላሰብንም። በሳጥናችን ውስጥ በዚያ ቀን 640 ብር ነበር። ቁጥሩን የማስታውሰው ገንዘብ ያዥዋ እኔ ስለነበርኩ ነው። ያን ብር ከዚያ በኋላም ለከባድ ነገር አልነካነውም፤ በ2002 ዓ.ም. ስንመረቅ ኬክ ገዛንበት፤ ስማችን በክሬም የተጻፈበት ባለ ሁለት ደርብ ኬክ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ግጥም ጀምሬ ነበር፦

በአንዲት ትንሽ ጥላ ሁለት ሆነን ስንሄድ፣
አንዱ ትከሻችን ሲሞቅ ሌላው ሲበርድ፣
ሰፊ ጥላ አማረን ዓለምን የሚያክል፤
እጀታው የኔ ነው፣ የኔ ነው ስንባባል...

አምስተኛው መስመር እስከ ዛሬ አልመጣልኝም።

ዓመታት አለፉ፤ ባንክ ተቀጠርኩ። በ2011 ዓ.ም. ጥምቀት አሜሪካ ያደገች የአክስቴ ልጅ ፍኖተ ሰላም መጣች። በደረቱ ላይ ሦስት እንግዳ ፊደላት የተጠለፉበት ቀይ ጃኬት ለብሳ ነበር። እናቴ ቀረብ ብላ አየችው። የመጀመሪያው ድንኳን ይመስላል፤ መጨረሻው ክብ ሆኖ በመሃሉ መስመር ተጋድሞበታል። ‹‹ይኼስ የእኛው ዐይኑ ዐ ነው፤ ሰው ተኝቶበት ነው እንጂ›› አለች። ልጅቷ በሳቅ ከወደቀችበት ተነሥታ ዴልታ ሲግማ ቴታ መሆኑን ነገረችን፤ የግሪክ ፊደል ነው። ኮሌጅ ሳለች የገባችበት የሴቶች ማኅበር ስም ነው። በእነሱ አገር ሶሮሪቲ ይሉታል፤ ከላቲኑ ‹‹እኅት›› ከሚለው ቃል የወጣ ነው።

እኔ ያን ማታ አላስተኛኋትም። ነገሩ የራሴ ቁስል ነበርና እየቆፈርኩ ጠየቅኋት፤ ከሄደችም በኋላ ራሴ አነበብኩ። ማኅበሯ የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. ጥር ወር በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ በሃያ ሁለት ሴት ተማሪዎች ነው፤ ያ ሃዋርድ በኋላ የእኛው መላኩ በያን ሕክምና የተማረበት ነው። ልጆቹ ማኅበራቸውን ባቆሙ በሁለተኛው ወር፣ ሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጣቸው ብለው በዋሽንግተን አደባባይ በተሰለፉበት ሰልፍ ላይ ወጡ። ጥቁር ሴቶች ወደኋላ ይሰለፉ በሚባልበት ሰልፍ! የእኛ ማኅበር በሁለተኛው ወሩ የሠራው ሥራ የቆሎ ማስቀመጫ ጣሳ መግዛት እንደነበር ትዝ አለኝና ለብቻዬ ሳቅሁ።

ይበልጥ የገረመኝ ግን እነዚያ ማኅበራት ጥላ ማበጀታቸው ነው። የነጮቹ ሴቶች ማኅበራት ቀድመው፣ በ1902 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ተሰብስበው ናሽናል ፓንሄሌኒክ ኮንፈረንስ የሚባለውን አቆሙ፤ ዛሬ ብዙ ማኅበራት ይገኙበታል። በዚያ ዘመን ለጥቁር ተማሪ በሩ ዝግ ነበርና ጥቁሮቹ የራሳቸውን በ1930 ግንቦት ወር በሃዋርድ መሠረቱ። እነሱ ወንዶችንም ሴቶችንም በአንድ ጉባኤ ነው ያስገቡት፤ ዛሬ ዘጠኝ ናቸው፤ አራቱ የሴቶች ማኅበራት ናቸው። እንግዲህ ጥላ ሁሉን አይጠልልም፤ ከጥላው ውጪ የቀረ ሌላ ጥላ ይሰፋል።

እናቴ ይህን ሁሉ ስተርክላት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ‹‹ሙሴያቸው ማን ናት?›› እኔም እንዳነበብኩት የነጮቹ ኮንፈረንስ ሰብሳቢነት ለረጅም ዘመን በምርጫ ሳይሆን በተራ እንደነበረ ነገርኳት፤ ማኅበራቱ በገቡበት ቅደም ተከተል እየዞረ የሚደርስ። ‹‹ታዲያ ጽዋ ነዋ!›› አለች። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ጉዳዩ ለእሷ በዚያው ተዘጋ። እኔ ግን ጭብጨባው ጆሮዬ ላይ ተመልሶ መጣ። እናቴ ያኔ ‹‹ቤታችን ነው የማይበቃን›› ስትል፣ አንድ ላይ አንሁን ማለቷ አልነበረም። ስለ ቤቱ ስፋት ነበር የነገረችኝ። ተራ ካለ ቤት ማስፋት አያስፈልግም፤ መዞር ነው።

በእኛም አገር ጥላ ተሞክሯል። አክስቴ በደርግ ዘመን፣ በ1972 ዓ.ም. የተቋቋመውን የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርን ታስታውሳለች፤ አኢሴማ ይሉት ነበር። ‹‹ስብሰባ ስንጠራ ማድጋችንን አስቀምጠን ነው የምንሮጠው፤ መዋጮም ነበረ፤ ማን ምን እንዳደረገበት ግን አልጠየቅንም፤ አይጠየቅማ!›› ትላለች። ያ ከላይ ወደ ታች የተዘረጋ ጥላ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ በ2003 እ.ኤ.አ.፣ ማኅበራቱ ራሳቸው ተሰባስበው የኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበራት ቅንጅትን መሠረቱ። ብዙ ሳይቆይ በ2001 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 621 ወጣና ከውጭ አገር ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። በቀጣዩ ዓመት የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የባንክ ሒሳብ ታገደ። ለሌላው ሰው ይህ የጋዜጣ ዜና ነው፤ ሒሳብ ሲታገድ በመስኮቱ ወዲያና ወዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ፊት ምን እንደሚመስል ለምታውቅ የባንክ ሠራተኛ ግን ሌላ ነው። አዋጁ የተሻረው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ወደ ቡሬ ቅርንጫፍ ተዛወርኩ። በርበሬ በሚነሣበት ወራት መንገዱ ሁሉ ያስነጥሳል፤ ብሩም ሳይቀር በርበሬ በርበሬ ይላል። ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አሥራ አንድ የገጠር ሴቶች ተያይዘው ገቡ። ሒሳብ መክፈት ይፈልጋሉ፤ የጋራ ሒሳብ። አንዷ በእጅ የተጻፈ የስም ዝርዝር በመስኮቱ አሳለፈችልኝ። አሥሩ በአውራ ጣት አሻራ የፈረሙ ናቸው፤ አሥራ አንደኛው ግን ቀለም የቆጠረ ሰው ፊርማ ነው፤ ፈጣን፣ የተለመደ። ብሩ በመቀነት ተቋጥሮ መጥቷል።

‹‹መተዳደሪያ ደንብ ይዛችኋል?›› የለም። ‹‹ቃለ ጉባኤ?›› የለም። ‹‹ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ?›› ተያዩ። እንግዲያው አይቻልም አልኩ። በትሕትና ነው ያልኩት፤ ሕጉ ነው፣ የእኔ ፈቃድ አይደለም። በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው አልቆጥረውም።

ፊርማዋ ያማረው ሴት ነጠላዋን ከራሷ ወደ ትከሻዋ መለስ አደረገች። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ ነበር፤ ከእኔ አሥር ዓመት የምትበልጥ መስሎኝ ‹‹እርስዎ›› ስላት ነው የቆየሁት።

‹‹ቤታችን ነው የማይበቃን ያልሽው አንቺ ነሽ፤ አይደል?›› አለችኝ።

ከኋላዋ ሰልፉ ረዝሞ ነበር። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ‹‹ቡሬ›› ብዬ ሳልጠራት አልቀርም፤ ቡሬ ላይ ቆሜ።

ደንቡን ማጣመም አልቻልኩም፤ ላጣምም ብልም ማሽኑ አይቀበለኝም። በምሳ ሰዓት ግን ወጥቼ ከባንኩ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚጻፍ በእጄ ጻፍኩላቸው፤ ወደየትኛው ጽሕፈት ቤት ቀድመው መሄድ እንዳለባቸው፣ ማንን ቢያናግሩ እንደማያመላልሳቸው ነገርኳቸው። ሁለታችን ስለ ዩኒቨርሲቲው አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ኅዳር መጨረሻ ተመለሱ፤ ሒሳቡ ተከፈተ። ስትሄድ ‹‹ለአስተርዮ ማርያም ነዪ፤ ተራው የእኔ ነው›› አለችኝ።

ጥር 21 ሄድኩ። መንደሯ ከማንኩሳ ወዲህ ነው፤ የሐዲስ ዓለማየሁን ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር››ን ያነበበ ሰው ማንኩሳን የበዛብህ አገር ብሎ ያውቃታል። እኔ ግን በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ሰብለ ወንጌል ናት። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሁሉ ነገር ሞልቶላታል፤ በተራዋ የምትጠብቃት፣ ተያይዛት የምትወጣ አንዲት እኩያ ግን የላትም። መጽሐፉን ለሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ያስለቀሰኝ ይኸው ነው፤ ፍቅሩ ብቻ አይደለም።

ከጽዋው በኋላ ሰው ቀለል ሲል ጓዳ ገብተን ተቀመጥን። እሷ እያፈላች ነገሩን ዘረዘረችልኝ። ባንክ የመጡት አሥራ አንድ ሴቶች አንድ ማኅበር አልነበሩም፤ የአሥራ አንድ ማኅበራት ተወካዮች ናቸው። የማርያም፣ የሚካኤል፣ የአቦ፣ እያንዳንዱ በየመንደሩ ጽዋውን እንደጠጣ ይኖራል። ከየማኅበሩ አንዲት ሴት ትመጣለች። ሰብሳቢነቱ በየወሩ ይዞራል፤ ማንበብ የማትችለዋም ተራዋ ሲደርስ ትሰበስባለች። ሳጥኑ ከአንዷ ዘንድ፣ ቁልፉ ከሌላዋ፣ ደብተሩ ከሦስተኛዋ ነው። ብሩ አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ ከነዚያ መንደሮች ለዩኒቨርሲቲ ያለፈች ሴት ልጅ መሣፈሪያዋና የመጀመሪያው መንፈቅ የእጅ ገንዘቧ ይሰጣታል። እስከዚያ ቀን አራት ልጆች ሄደዋል።

‹‹ሦስቱ ጨርሰዋል›› አለች። ‹‹አንዷ ልትተው ብላ ደውላልኝ ሄጄ መልሻታለሁ።››

‹‹ስሙ ማን ይባላል?››

‹‹ስም የለውም። ስም ልናወጣ ስንል እንጣላለን ብለን ተውነው። ለእናንተ ደብተር ስም ግድ ነው ስትሉን የቀበሌውን ሰጠናችሁ እንጂ።››

ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በአካባቢያችን በተነሣው ጦርነት መንገዱ ሲዘጋ፣ ባንኩም ሲዘጋ፣ ስልኩም ሲጠፋ፣ በደብተሩ ያለው ብር ያልወጣባቸው ወራት ነበሩ። ያኔ ተራው በጥሬ እህል እንደቀጠለ፣ መራቁ የሚያስፈራ ሲሆን ሦስት ሦስት መንደር እየሆኑ እንደተሰበሰቡ፣ መስመር ሲከፈት ነግራኛለች። ግን ወደዚያ ዕለት ልመለስ።

ሁለተኛውን ስትቀዳ፣ ‹‹ያን ቀን፣ በስብሰባው፣ እኔም እጄን አንሥቼ ነበር›› አለችኝ። ‹‹ኋላ ነበርኩ፤ አልታየሁም። ልናገር የነበረው እኮ ቀላል ነው። ማኅበር የሌለኝ እኔ ነኝ ልል ነበር።››

የስኒው እጀታ እጄ ውስጥ ትኩስ ነበር። ያን ጊዜ ስለ 640 ብሩ ነገርኳት። በሳጥናችን ውስጥ እንደነበረ፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ እንደነበረ፣ ከእሷ በር ሦስት በር ብቻ ይርቅ እንደነበረ፣ በመጨረሻም ኬክ እንደገዛንበት። ያሳብባል ያልኩትን አንድም ነገር ሳልጨምር ነገርኳት።

ጀበናውን በማቶቱ ላይ አስተካከለች። ብዙ ቆየች።

‹‹ኬኩ ጥሩ ነበር?››

‹‹ክሬሙ ቀልጦ ነበር።››

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የምታለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። እየሣቀች ነው። ከውጭ ሙሴዋ ጮክ ብላ ተጣራች፤ ጽዋው ሊነሣ ነው፣ ባለ ተራዋም ፋኖስ የሚይዝላት ልጅ አላመጣችም። ተነሥቼ ያዝኩላት።